ጣት ከመሮጡ በፊት ያዚም

ለመስቀል ወደ አገና ከሚገባው ጓዝ መካከል አንዳንዴ ረዘም ያለ ካርቶን አይጠፋም። ከመርካቶ የተገዛ ኪቦርድ ነው፤ ብዙዎቻችን ኦርጋን የምንለው። ካርቶኑ ተከፍቶ በመጀመሪያው ሰዓት የሚሆነው ሁሌም አንድ ነው። አንዱ ልጅ የምት ማጫወቻውን ይጫናል፤ ከበሮው በራሱ ጊዜ ይመታል፤ ግራ እጅ በአንድ ጣት ኮርድ ይይዛል፤ ቀኝ እጅ የሚያውቀውን ዜማ በጠቋሚ ጣት ይለቅማል። ቤቱ ይደምቃል። በዓሉ አልፎ እንግዳው ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ልጁ ከኪቦርዱና ከዚያች አንድ ጣት ጋር ይቀራል። ከዚያ ወዴት እንደሚኬድ የሚነግረው ሰው በቅርብ የለም።

ይህ ጽሑፍ እዚያ ላይ ቆመው ለቀሩ ነው፤ ለልጁም፣ ለእህቱም፣ በመዘምራን መካከል ኪቦርድ ለሚይዘው ወጣትም፣ በአርባ ዓመታቸው ለመጀመር ለሚያፍሩትም። የምመክረው መንገድ ለጊዜው እንግዳ ሊመስል ይችላል፦ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፉ አጫጭር የፒያኖ ልምምዶች። ኢቱድ ይባላሉ። ደራሲዎቻቸው ቡርግሙለር፣ ሄለርና ሾፓን ናቸው። አንዱ ከጀርመን፣ አንዱ ከሃንጋሪ፣ አንዱ ከፖላንድ ተነሥተው ፓሪስ የገቡና እዚያ የኖሩ ሰዎች ናቸው። አገሩን ትቶ ትልቅ ከተማ ገብቶ በሙያው ማደር ምን እንደሆነ ለጉራጌ አንባቢ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

ኢቱድ አንድን የእጅ ችግር ለመፍታት የሚጻፍ አጭር ድርሰት ነው። የሮማንቲክ ዘመን አቀናባሪዎች ያመጡት አዲስ ነገር ችግሩን ዜማ ውስጥ መክተታቸው ነው። ጣትን እንደ ወፍጮ የሚያዞሩ ልምምዶች በዚያው ዘመንም ሞልተው ነበር፤ ሃኖን እ.ኤ.አ. በ1873 ያሳተመው መጽሐፍ ዛሬም ይሠራበታል። ጥቅም የለውም አልልም። ብቻውን የሚማር ሰው ግን ሃኖንን ይዞ ሲቀመጥ ጆሮው ይተኛል። ጆሮ ሲተኛ እጅ የተሳሳተውን ይለምዳል፤ የሚያርም ስለሌለም ስህተቱ ሥር ይሰድዳል። ዜማ ያለው ልምምድ ሲበላሽ ግን ወዲያው ይሰማል። መምህር በሌለበት ቤት የመምህሩን ሥራ የሚሠራው ዜማው ነው።

እኔ ይህን ያወቅሁት ተቀጥቼ ነው። በወጣትነቴ የቸርኒን የፍጥነት ልምምዶች በሜትሮኖም፣ በምት መቁጠሪያው፣ እያሯሯጥኩ ሁለት ወር ስሠራ ክንዴ ከክርኑ እስከ አንጓው እንደ እንጨት ደረቀ። ሦስት ሳምንት እንጀራ መቁረስ እንኳ አስቸገረኝ። ሲሻለኝ የጀመርኩት በጣም ቀላል ነው ብዬ በናቅሁት በቡርግሙለር ነበር፤ ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወትኩትን የሰማሁት።

መሣሪያው

ፒያኖ መግዛት አያስፈልግዎትም። 61 ቁልፍ ያለው ኪቦርድ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል፤ አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለ። ቁልፉን ቀስ ብለው ሲነኩት ቀስ ብሎ፣ ጠንከር ሲያደርጉት ጠንከር ብሎ መጮህ አለበት። በማንኛውም ንክኪ እኩል የሚጮህ ኪቦርድ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ከዚህ በታች የማወራው ሁሉ በድምፅ መጠን ልዩነት ላይ የቆመ ነው። ሱቅ ውስጥ ከመክፈልዎ በፊት አንድ ቁልፍ በላባ ንክኪ፣ ቀጥሎ በክንድ ክብደት ይሞክሩ። ልዩነት ከሌለ ሻጩን አመስግነው ይውጡ። አንዳንዴ ኪቦርዱ ይህ ችሎታ እያለው ተዘግቶበት ይገኛል፤ በምናሌው ውስጥ የንክኪ ማስተካከያውን ይፈልጉ።

በተጨማሪ የእግር ፔዳል ያስፈልጋል፤ ከኪቦርዱ ጀርባ የሚሰካ፣ ዋጋውም የማይከብድ። የምት ማጫወቻውን ግን ዛሬውኑ ያጥፉት። በበዓል ቀን ይመለስበታል። በልምምድ ሰዓት ከበሮው ምቱን ከጠበቀልዎት እርስዎ መጠበቅ አይማሩም።

ኖታውን ማግኘት ቀላል ነው። ቡርግሙለር እ.ኤ.አ. በ1874፣ ሄለር በ1888፣ ሾፓን በ1849 አርፈዋል፤ በድርሰታቸው ላይ የባለቤትነት መብት የሚጠይቅ የለም። ከኢንተርኔት በነጻ ወርዶ አገና ወይም ወልቂጤ ኮፒ ቤት ሊታተም ይችላል። በስልክ ስክሪን ላይ ማንበብ ግን አይሞክሩት፤ አንገትዎ ይጎብጣል፣ ገጹም በክፉ ሰዓት ይዞራል። የፒያኖ ኖታ ማንበብ ገና የማያውቁ ከሆነ ሁለት ወር ለእሱ ብቻ ይስጡ። አቋራጭ የለውም።

ኖታዎቹን በፊደል ስማቸው እጠራለሁ፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ። ዶ ሬ ሚ የለመደ ሰው ሲን ዶ ብሎ ይነሣ። ጣቶቹ ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ ጣት ከ1 እስከ 5 ይቆጠራሉ፤ በግራ እጅም እንዲሁ አውራ ጣት 1 ነው።

አቀማመጥ

ኪቦርዱን አልጋ ላይ አስቀምጠው፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አይለማመዱ። ክርንዎ ከቁልፎቹ እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ማለት አለበት። ጠንካራ ጠረጴዛ፣ መደገፊያ የሌለው ወንበር፣ ካነሰም ከላዩ የታጠፈ ብርድ ልብስ። የአገና ማለዳ ብርዳማ ነው፤ በቀዘቀዘ ጣት አይጀምሩ። አንድ ስኒ ቡና ጨብጦ መቆየት ከማንኛውም የማሟሟቂያ ልምምድ ይሻላል።

ቀጥሎ አንድ ነገር ይሞክሩ። ክንድዎን አንሥተው በጭንዎ ላይ ዝም ብለው ይጣሉት። ያ የወደቀው ክብደት ነው ድምፅ የሚያወጣው፤ ጣት ብቻውን አይደለም። ለመስቀል ክትፎ የሚከትፍ ሰው እጅ ተመልክተው ያውቃሉ? ቢላው በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ አንጓው ልል ነው። ቢላውን ጨብጦ የሚገፋ ሰው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ይደክመዋል። አጭርና ደረቅ ኮርድ ሲመቱ አንጓዎ እንደዚያ ይሁን።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ቁልፎች

አብዛኛው መጽሐፍ ተማሪውን ከሲ ጀምሮ በነጮቹ ቁልፎች ላይ ያስኬደዋል። ለዓይን ይቀላል፤ ለእጅ ግን ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ጣቶቻችን እኩል አይደሉም። ሾፓን ተማሪዎቹን የሚያስጀምረው በሌላ ቦታ ነበር፦ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ ሻርፕ፣ ኤ ሻርፕ፣ ቢ። ረጃጅሞቹ ሦስት ጣቶች ከፍ ባሉት ጥቁር ቁልፎች ላይ፣ አጫጭሮቹ ሁለቱ በነጮቹ ላይ ያርፋሉ። እጅ ሳይታዘዝ ራሱ ክብ ይሆናል።

ቀኝ እጅዎን እዚያ ያስቀምጡ። ከ1 ወደ 5፣ ከ5 ወደ 1፣ በጣም በዝግታ ይሂዱ፤ አንዱ ድምፅ ሳይጠፋ ቀጣዩ ይያዝ። ይህ ሌጋቶ ነው። አሁን ያንኑ በአፍዎ ያዚሙት፤ ማለትም መሃል ላይ ሳያቋርጡ በአንድ ትንፋሽ። ከዚያ እንደገና በጣት። ድምፁ ከአፍዎ የተለየ ከሆነ፣ ቆርጦ ቆርጦ ከወጣ፣ ከአፍዎ ይኮርጁ። ሾፓን ተማሪዎቹን ኦፔራ ቤት ሄደው ዘፋኞችን እንዲሰሙ ይልክ ነበር፤ ፒያኖ መዶሻ ስለሆነ ትንፋሽን ከሰው መማር አለበት ብሎ ስለሚያምን። እርስዎ ኦፔራ ቤት የለዎትም። የማሕሙድ አህመድ ትዝታ ግን አለዎት። አንዱን ሐረግ ሲያዜም የት እንደሚተነፍስ፣ የትኛውን ድምፅ እንደሚያሳድግ፣ የትኛውን እንደሚተው ጆሮዎን ሰጥተው ይስሙ።

ይህን ለአሥር ቀን፣ በየቀኑ አምስት ደቂቃ። ከዚያ አይበልጥም።

ቡርግሙለር፦ ኦፐስ 100

ፍሪድሪክ ቡርግሙለር እ.ኤ.አ. በ1806 ሬገንስበርግ ተወለደ። 25 ቀላል ኢቱዶች የያዘው ኦፐስ 100 (ኦፐስ የድርሰት ተራ ቁጥር ነው) የታተመው በ1851 ነው። እያንዳንዱ ስም አለው፤ አብዛኛው ከአንድ እስከ ሁለት ገጽ ነው። 25ቱን በተራ መጨረስ ግዴታ አይደለም። እኔ የምሠራበት ቅደም ተከተል 1፣ 2፣ 3፣ ከዚያ 15፣ 19፣ በመጨረሻም 21 እና 24 ነው። ሌሎቹን እንደ ፍላጎትዎ መሃል መሃል ያስገቡ።

ቁጥር 1 «የዋህነት» ይባላል። ቀኝ እጅ እንደ ወራጅ ውሃ በእኩል ድምፆች ይሄዳል፤ ግራ እጅ ረጃጅም ኮርዶች ይይዛል። ሁሉም ሰው ቀላል ነው ብሎ በሦስት ቀን ይጨርሰዋል፤ ሁሉም ሰው ያበላሸዋል። በሳምንት እንዲህ ይሥሩት።

የመጀመሪያው ቀን ቁልፍ አይንኩ። ቀኝ እጁን በአፍ ያዚሙ፤ ኖታው ላይ ያሉትን የቅስት መስመሮች ይመልከቱ፤ አንድ ቅስት አንድ ትንፋሽ ነው። በእርሳስ ትንፋሽ የሚወሰድበትን ቦታ ምልክት ያድርጉ። ሁለተኛው ቀን ቀኝ እጅ ብቻ፣ ሁለት መስመር ብቻ፣ በተጻፈው የጣት ቁጥር። የጣት ቁጥሩን ንቀው በራስዎ መንገድ ከሄዱ በሦስተኛው ሳምንት እጅዎ ቋጠሮ ውስጥ ይገባል። ሦስተኛው ቀን ግራ እጅ ብቻ፤ ኮርዱ ሲመታ ሁሉም ጣት በአንድ ቅጽበት መውረዱን ያረጋግጡ፤ ከዚያ የግራውን እየመቱ የቀኙን በአፍ ያዚሙ። ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ ከሁሉም የሚጠቅመውም ይኸው ነው። አራተኛው ቀን ሁለቱን እጆች ያገናኙ፤ ነገር ግን ግራው ከቀኙ በግማሽ ያነሰ ይሁን። ጀማሪዎች ሁሉ ግራ እጅን ያስጮሃሉ፤ ሦስት ጣት በአንድ ጊዜ ሲወርድ ከአንድ ጣት መብለጡ አይቀርም። አጃቢው ዘፋኙን ከሸፈነው ሙዚቃ የለም። አምስተኛውና ስድስተኛው ቀን የሚያደናቅፍዎትን ሁለት ሦስት ቦታ ብቻ ለይተው ይሥሩ እንጂ ከመጀመሪያው እየጀመሩ እስከ ስህተቱ አይሩጡ፤ እንደዚያ ከሆነ የሚለማመዱት ስህተቱን ነው። ሰባተኛው ቀን በስልክ ይቅዱና ሳይሰሙት ይደሩ። ጠዋት ይስሙት። የማታው ጆሮ ይዋሻል።

ስለ ፍጥነት አንድ ቃል። በገጹ ራስ ላይ የታተመው የሜትሮኖም ቁጥር ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ከሚያስፈልገው በላይ ነው። ይርሱት። ማዜም በሚችሉበት ፍጥነት ይጫወቱ።

ቁጥር 2 «አራቤስክ» ነው፤ በኤ ማይነር። ከመላው መጽሐፍ በጣም የታወቀው ይህ ነው። ለጥቂት ምት የግራ እጅ ደረቅ ኮርድ ብቻ ካለፈ በኋላ ቀኝ እጅ ፈጥኖ ኤ ቢ ሲ ቢ ኤ ይላል። ከዚያ ኤ ቢ ሲ ዲ ኢ። እዚህ ላይ የሐበሻ ጆሮ የሚሠራውን ልንገርዎ። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ ብለው ቢሄዱ ማይነር ትዝታ ነው፤ ዲ የለበትም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ድምፆች ትዝታን ስለሚያስታውሱ በትዝታ ያደገ ጣት ዲን ሊዘልላት ይቃጣዋል። ከአንድ በላይ ተማሪ ሲያደርገው አይቻለሁ። ስህተት ቢሆንም አይቆጡ፤ ጆሮ አለዎት ማለት ነው። ዲን ሆን ብለው ለብቻዋ ያዚሟት፤ ቀጥሎ መልሰው ያስገቧት።

የጣቱን ፍጥነት ለማግኘት አምስቱን ድምፆች እንደ አንድ ቃል ይያዙ። አምስት ጊዜ አይግፉ፤ አንድ ጊዜ ክንድ ይጣል፣ አራቱ ተንከባልለው ይውጡ፣ አምስተኛው ላይ አንጓው ቀስ ብሎ ይነሣ። መሃል ላይ ያው ሐረግ ወደ ግራ እጅ ይዛወራል፤ ያን ጊዜ የግራ እጅዎ ምን ያህል ሰነፍ እንደሆነ ያውቃሉ።

ቁጥር 3 «የእረኛ ዜማ» በስድስት ስምንተኛ ምት ነው። ስድስት ቆጥሮ በሁለት መራመድ ማለት ነው። ቆጠራው ከምናውቀው ከችክችካ ጋር አንድ ነው፤ ክብደቱ ግን ሌላ ነው። ችክችካ ይገፋል፤ ይህ ይወዛወዛል። ልዩነቱን በእግር ለመያዝ ጀፎረው ላይ ወጥተው ይሂዱ፤ ሰፊ ነው፣ ሣር ነው፣ ማንም አይገፋዎትም። ቀኝ እግር አንድ፣ ግራ እግር አራት፤ ሌሎቹ ቁጥሮች በአየር ላይ። ሰው ቢያይዎት የሰከረ ይመስለው ይሆናል።

ከዚያ ወደ 15 ይዝለሉ፤ «ባላድ»፣ በሲ ማይነር። ቀኝ እጅ በሹክሹክታ ደረቅ ኮርዶችን ይመታል፤ ጨለማውን ዜማ የሚያወጣው ግራ እጅ ነው። በኪቦርድ ላይ ያደጉ ልጆች ግራ እጃቸው ኮርድ ከመያዝ ውጭ ሌላ ሥራ ያለው አይመስላቸውም፤ ባላድ ይህን ይሰብራል። ይህ ከከበደዎት ሮበርት ሹማን እ.ኤ.አ. በ1848 ለልጆች ካሳተመው ኦፐስ 68 ውስጥ «ደስተኛው ገበሬ» የምትለውን አጭር ቁራጭ አስቀድመው ይሥሩ፤ ከሥራ ወደ ቤቱ የሚመለስ ገበሬ ዜማውን በግራ እጅ ይዞ ይመጣል። የሹማን ነገር ሲነሣ ሌላም ትምህርት አለ። ወጣት ሳለ ታላቅ ፒያኒስት ለመሆን ሲጣጣር ቀኝ እጁ ተጎድቶ ተስፋውን ቆረጠ፤ ጣት ለማጠንከር የሚያገለግል መሣሪያ ነው የጎዳው የሚሉ ብዙ ናቸው። እጅዎ ካመመ ያቁሙ። «ሲለምድ ይተወዋል» የሚል ምክር ከማንም ቢመጣ አይቀበሉ።

19ኛው «አቬ ማሪያ» በዝማሬ መልክ በኮርድ የተጻፈ ነው። ለመዘምራን የሚጫወት ሰው ሌላ ምንም ባይሠራ ይህን ይሥራ። አራት ድምፅ በአንድ ጊዜ እየወረደ ከላይ ያለው ብቻ እንዲያበራ ማድረግ ነው ሥራው። ዘዴው፦ ኮርዱን ሳይጫኑ በቁልፎቹ ላይ እጅዎን ያሳርፉ፤ ክንድዎን ወደ ትንሿ ጣት ትንሽ ያዘንብሉ፤ አሁን ይጣሉት። ብዙ ቀን አይሳካም። አንድ ቀን በድንገት ይሳካል።

21ኛው ሁለቱ እጆች አንዱ ለሌላው እየተቀባበሉ የሚወጡበት ነው፤ በ24ኛው ግራ እጅ በቀኙ ላይ እየተሻገረ ይሄዳል፤ ስሙም «ወፊቱ ጨረባ» ቢባል አይከፋም። ሁለቱም ደስ ይላሉ፤ ብዙ ማብራሪያ አይሹም።

ፔዳል

እስከ 19ኛው ድረስ አይንኩት። ከዚያ በኋላም ሕጉ አንድ ነው፤ እግር ከእጅ በኋላ ይወርዳል። ኮርዱ ይመታ፣ ከዚያ ፔዳሉ ይረገጥ፤ ኮርዱ ሲቀየር ፔዳሉ ይነሣ፣ ወዲያው ይመለስ። ድምፅ ከድምፅ ከተደባለቀ ጆሮ እንደ ጭስ ቤት ይሆናል።

ሄለር

ከስምንት ወር እስከ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ስቴፈን ሄለርን ያግኙ። እ.ኤ.አ. በ1813 ፔስት ከተማ የተወለደ፣ ጸጥ ያለ ሰው፤ ስሙ ከሾፓን ጎን ደብዝዞ የቀረ። ሦስት ስብስቦቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ሲደረደሩ ቁጥራቸው በተገላቢጦሽ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ኦፐስ 47፣ ከዚያ 46፣ ከዚያ 45። ብዙ ሰው ቁጥሩን አይቶ በ45 ይጀምርና ይሰናከላል። ኦፐስ 47 የምትና የስሜት ማዳበሪያ ብሎ የሰየመው ነው፤ ቡርግሙለር ሊያስተምር ያልቻለውን፣ ማለትም ዝምታን ያስተምራል። የእረፍት ምልክቶቹን እንደ ድምፅ ይጫወቷቸው። ከኦፐስ 45 ቁጥር 2ን፣ በተለምዶ «የበረዶ ናዳ» የሚባለውን ይፈልጉ፤ በሁለት እጅ ተቀባብሎ የሚሮጥ ሐረግ በድንገት ይቆምና ኮርድ ይመልስለታል። አውጪና ተቀባይ ነው፤ አጨብጭቦ የሚቀበል ሕዝብ መካከል ያደገ ሰው ኮርዱን የት እንደሚጥለው አይጠፋውም።

ሾፓን ከሩቅ

የሾፓን 24 ኢቱዶች፣ ኦፐስ 10 (1833) እና ኦፐስ 25 (1837)፣ ከዚህ ሁሉ በኋላም ብዙ ዓመት ይቀራቸዋል። ሰው ሁሉ ግን ያውቃቸዋልና ሊነኳቸው ያምርዎታል። ስለዚህ ከአንዱ ሁለት መስመር ብቻ እፈቅዳለሁ። ኦፐስ 10 ቁጥር 5 «ጥቁር ቁልፎች» ይባላል፤ ከአንዲት ድምፅ በቀር ቀኝ እጅ የሚጫወተው በሙሉ በጥቁሮቹ ላይ ነው። አሁን ኪቦርድዎ ላይ ከኤፍ ሻርፕ ተነሥተው አምስቱን ጥቁሮች ወደ ላይ ይንኩ። ሜጀር ትዝታ! ከኢ ፍላት ቢነሡ ደግሞ ማይነር ባቲ ይሆናል። ሾፓን ስለ ወሎ የሰማው ነገር አልነበረም፤ ጥቁሮቹ ቁልፎች ግን ለሁሉም አንድ ናቸው። የቀኝ እጁን ሁለት መስመር በቀንድ አውጣ ፍጥነት ያዚሙትና መጽሐፉን ይዝጉ።

ሌላው ከሾፓን የሚወሰደው ነገር ጣት አያደክምም። ለተማሪዎቹ፣ ግራ እጅ የመዘምራን መሪ ነው፣ ምቱን ይጠብቅ፤ ቀኝ እጅ ግን ይዘግይ፣ ይፍጠን፣ እንደ ዘፋኝ ይተንፍስ ይላቸው ነበር። ሩባቶ ይሉታል። አውሮፓዊ ተማሪ ይህን ለመረዳት ዓመት ይፈጅበታል። የክራር አጃቢ ምቱን ይዞ ሲቀመጥ ዘፋኙ በላዩ ላይ ሲንሳፈፍ እየሰማ ያደገ ሰው ግን ገና ሳይጀምር ያውቀዋል። ካላመኑኝ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ቅጂዎች ይስሙ። እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ፤ ኋላም በካይሮ ከፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ጋር ሠሩ። በግሸን ማርያም ዓመታት በምናኔ አሳልፈው ተመለሱ፤ የመጀመሪያውን ሸክላ በ1967 ጀርመን አስቀረጹ፤ በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው አረፉ። ግራ እጃቸውን ብቻ ለይተው ይስሙ፤ እንደ ሾፓን ዋልስ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ቀኙ ቅኝታችን ነው፤ ሲሻው ይዘገያል፣ ሲሻው ድምፁን ያንቀጠቅጣል።

ለመጀመር ዘግይቻለሁ ለሚል ደግሞ ግርማ ይፍራሸዋ አለ። ክራር ሲጫወት አድጎ ፒያኖን ያገኘው በ16 ዓመቱ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው፤ ከዚያ ሶፊያ ሄዶ ተማረ። «አምባሰል»ና «ዋሽንት የያዘው እረኛ» ያሉ ድርሰቶቹ ከሮማንቲክ ፒያኖ እጅ የወጡ የእኛ ዜማዎች ናቸው።

የራስዎ ኢቱድ

እስካሁን የተበደርነውን አሁን እንመልስ። ትዝታን በነጭ ቁልፎች እንውሰድ፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ። የአውሮፓ ስኬል ልምምድ አውራ ጣትን ከሌሎቹ ሥር አሳልፎ ወደ ቅርቡ ቁልፍ ማሳረፍ ያስተምራል። በትዝታ ግን ከኢ ወደ ጂ ሰፊ ክፍተት አለ፤ ስለዚህ ስኬል አሳምሮ የሚሮጥ ተማሪ እንኳ እዚህ ላይ ይሰናከላል። የጣት ቁጥሩ ቀኝ እጅ ሲወጣ 1-2-3-1-2 ይሁን፤ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ከዚያ አውራ ጣት በጂ ላይ፣ 2 በኤ ላይ፤ ቀጣዩ ሲ እንደገና በ1። ግራ እጅ ከላይኛው ሲ ወደ ታች ሲወርድ ቁጥሩ ያው ነው፦ ሲ 1፣ ኤ 2፣ ጂ 3፣ ኢ 1፣ ዲ 2። አውራ ጣት ብቻውን እንዲዘረጋ አያስገድዱት፤ ክርኑ ወደ ጎን ይውሰደው። ይህ ሲለምድ አንቺሆዬን ይሞክሩ፤ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ። አምስቱ በአምስት ጣት ሥር ያድራሉ፤ ስምምነታቸው ግን ሻካራ ስለሆነ ከሥራቸው የሜጀር ኮርድ ለማስገባት አይቸኩሉ። አንዳንዴ አንድ የግራ እጅ ድምፅ ብቻ ይዞ መቆየት ይበቃል።

አሁን አራት መስመር ይጻፉ። ቀኝ እጁ የሚያውቁት ዜማ ይሁን፤ ጉራጊኛም ትዝታም። ግራ እጁን ከቡርግሙለር ይዋሱ፤ መጀመሪያ እንደ «የዋህነት» ረጅም ኮርድ፣ ቀጥሎ እንደ «አራቤስክ» ደረቅ ኮርድ፣ በሦስተኛው ዜማው ወደ ግራ ይውረድና ቀኙ ያጅብ። አንድ ዜማ፣ ሦስት ልምምድ። በጉራጊኛ ፈጣን ዜማ ላይ ረጅሙ ኮርድ አይሠራም፣ ይጎትተዋል፤ እርስዎም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይሰሙታል።

በቀን ሠላሳ ደቂቃ ካለዎት አምስቱ ለአምስቱ ቁልፎች፣ አሥራ አምስቱ ለኢቱዱ፣ አሥሩ ለራስዎ ድርሰት። ሾፓን በቀን ከሦስት ሰዓት በላይ እንዳይለማመዱ ተማሪዎቹን ይከለክል ነበር፤ እርስዎ ወደዚያ ወሰን ለመድረስ ብዙ ይቀርዎታል። መብራት ሲጠፋ ባትሪ የሚቀበል ኪቦርድ ያለው ይቀጥላል፤ የሌለው ኖታውን ይዞ ሻማ ሥር ያዜማል፣ የጣት ቁጥሩን በጠረጴዛ ላይ ይመታል። አንዳንድ ተማሪዎቼ ከሁሉ የበለጠ የተሻሻሉት መብራት በጠፋበት ወር ነው።

የሚቀጥለው መስቀል ሲመጣ፣ ቤቱ በዘመድ ሲሞላ፣ የምት ማጫወቻውን ሳይከፍቱ የጻፉትን ጉራጊኛ ይጫወቱ። ምንም ሳይሏቸው ማጨብጨብ ይጀምራሉ። ጭብጨባው አንድ ላይ ከወረደ ይቀጥሉ። ከተበታተነ ግራ እጅዎ ነው፤ በነጋታው ባላድን ያውጡ።